የደፋሁት ውሃ

ይሄን ጉዴን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ኪዮቶ፣ ጃፓን ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜና እሁድን ገጠር አንድ ቤተሰብ ዘንድ እንዳሳልፍ ተጋበዝኩ። ከእራት በኋላ «እንግዳ ይቅደም» ብለው መታጠቢያ ቤት አስገቡኝ። ገንዳው ሞልቶ ይጨሳል። ዘልዬ ገባሁ! በሳሙና አረፋ በአረፋ ሆኜ ታጠብኩና ውሃውን ለቀቅኩት። ጨዋ መሆኔ ነበር።

ስወጣ አያታቸው ፎጣ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ለካስ ገላ የሚታጠቡት ከገንዳው ውጭ ነው፤ ገንዳው መዘፍዘፊያ ብቻ፣ ውሃውም በየተራ ለቤተሰቡ ሁሉ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኛ ቤት የእንግዳ እግር ይታጠባል፤ እኔ እንግዳው ግን የባልቴት ውሃ ደፋሁ።

ጠዋት በተሰባበረ ጃፓንኛ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁና ሻይ ቀዱልኝ።

እናንተዬ፣ ሰው ቤት ስትሄዱ መጠየቅ አያሳፍርም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም!