የእናት የቪዛ ፋይል የሚሠራው ልደታ ነው

ካናዳ የሚኖር ሐበሻ እናት አባቱን አምጥቶ ለረጅም ጊዜ አብሯቸው ለመቀመጥ ሲያስብ፣ መጀመሪያ የሚሰበስበው የራሱን ወረቀት ነው። የሥራ ደብዳቤ፣ የግብር ማረጋገጫ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ውል፣ የዜግነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ። የወላጆቹ ድርሻ ፓስፖርት፣ ጉርድ ፎቶግራፍና አሻራ ሆኖ ያልቃል። ሁሉ ነገር ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ይሰናዳና አዲስ አበባ ያሉት ወላጆች የሚጠሩት ለፊርማ፣ ለአሻራና ለጤና ምርመራ ብቻ ነው። እኔ ግን ይህ አካሄድ የሥራውን ግማሽ ብቻ የሚሠራ፣ አንዳንዴም በራሱ በአመልካቹ ላይ የሚመሰክር ነው ባይ ነኝ። የሱፐር ቪዛ ፋይል ዋናው ክፍል መሠራት ያለበት ወላጆች በሚኖሩበት ሰፈር ነው። የአዲስ አበባውን የልደታ ሰፈር የምጠቅሰው የሚያስፈልገው ማስረጃም፣ ያ ማስረጃ ወረቀት ሳይሆን የቀረበት ምክንያትም እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ካናዳ ለወላጅና ለአያት የምትሰጠው የጎብኚ ቪዛ፣ ሱፐር ቪዛ፣ የተጀመረው በዲሴምበር 2011 ነው። ካናዳ ከአንድ ወር በፊት የወላጅና የአያት ስፖንሰርሺፕ ማመልከቻ መቀበል አቁማ ስለነበር፣ ቪዛው ለተጠራቀመው ወረፋ ማስተንፈሻ ሆኖ መጣ። እስከ 10 ዓመት የሚያገለግል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ነው፤ በአንድ መግቢያ የሚፈቀደው ቆይታ መጀመሪያ 2 ዓመት ነበር፣ ከጁላይ 4 ቀን 2022 ጀምሮ 5 ዓመት ሆኗል። ወላጅን በቋሚነት የማምጣቱ በር ደግሞ በጣም ጠቧል፤ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ሲጋብዝ የቆየው በ2020 ስማቸውን ካስመዘገቡት መካከል በዕጣ እየመረጠ ነው። ያኔ ላልተመዘገበ ሰው የቀረው መንገድ ሱፐር ቪዛ ነው ማለት ይቻላል። ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር ግን ቸር ነው። የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አያልፍም። አሜሪካ ለጎብኚ በተለምዶ የምትሰጠው እስከ 6 ወር ነው፤ እርግጥ ነው፣ 21 ዓመት የሞላው አሜሪካዊ ዜጋ ለወላጁ ግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል። እንግሊዝ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአረጋዊ ወላጅ ያስቀመጠችው የመኖሪያ ፈቃድ መስፈርት፣ ራሱን መንከባከብ የማይችልና በአገሩም አስታማሚ የማያገኝ ሰው ካልሆነ በቀር የሚያልፈው አይደለም።

ፋይሉ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። አንደኛው ልጅን ይመለከታል፤ ወላጅህን ማኖር ትችላለህ ወይ? ለዚህ የተቆረጠ ልክ አለ። የቤተሰቡ ቁጥር ከሚመጡት ወላጆች ጋር ተደምሮ በየዓመቱ ከሚወጣው የገቢ ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና ኢንሹራንስ ይገዛል፣ የጤና ምርመራ ይደረጋል፣ የጥሪ ደብዳቤ ይጻፋል። ሁለተኛው ወላጅን ይመለከታል፤ የተፈቀደላቸው ጊዜ ሲያበቃ ይመለሳሉ ወይ? የካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ 179ኛ አንቀጽ የቪዛ መኮንኑ በዚህ ካላመነ ቪዛውን መስጠት እንደሌለበት ያዛል። ለዚህ ጥያቄ ሠንጠረዥ የለም። መኮንኑ የሚያየው አመልካቹ ከአገሩ ጋር ያለውን ትስስር፣ የጉዞውን ዓላማ፣ የቤተሰብና የገንዘብ ሁኔታውን፣ የአገሩንም ኢኮኖሚያዊና ፖለቲካዊ መረጋጋት ነው። በመጨረሻው ላይ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም። የአገራችን ዜና ከእናቶቻችን ማመልከቻ ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለአንደኛው ጥያቄ ያዘጋጀነውን መልስ ለሁለተኛውም ይበቃል ብለን እንገምታለን። ቪዛ ሲከለከል ቀጣዩ እርምጃችን የባንክ ሒሳቡን ማወፈር ነው፤ የወንድም የሥራ ደብዳቤ፣ የእህት የቤት ካርታ ይጨመራል። መኮንኑ ፋይሉን ሲያገላብጥ የሚያየው ግን ልጆቻቸው በሙሉ ካናዳ ያሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው እዚያ የተወለዱ፣ አራት መኝታ ቤት የሚጠብቃቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከመታወቂያቸው በቀር ምንም የማይታይላቸው ሴት ናቸው። ያቀረብነው ማስረጃ የሚነግረው ለምን እንደሚቀሩ እንጂ ለምን እንደሚመለሱ አይደለም። የልጅ ሀብት በጨመረ ቁጥር የወላጅ ትስስር እየሳሳ ይታያል።

ሲታይ ነው የሳሳው እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። በልደታ ዕድሜያቸውን የጨረሱ እናት ከሰፈሩ ጋር የተሳሰሩበት ገመድ ብዙ ነው፤ ወረቀት ስላልሆነ ብቻ አይታይም። ቤቱን እንውሰድ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ ብዙ የልደታ አባወራና እማወራ የኖረው የቀበሌ ቤት ውስጥ በትንሽ ኪራይ ነው። በገዛ እጃቸው ጭቃ ያስመረጉት፣ ልጅ የዳሩበት ቤት ካርታ የለውም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአሮጌው ልደታ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲቆምበት ደግሞ ጎረቤት ተበታተነ፤ ከፊሉ እዚያው ዕጣ ደረሰው፣ ከፊሉ ዳር ከተማ ወጣ። የልደት ምስክር ወረቀትም እንዲሁ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ሕዝቡ የሚያውቀው መዝገብ የቤተ ክርስቲያን ክርስትና፣ የቀበሌ ፎርምና የጎረቤት ትዝታ ነበር። በአገራችን የልጅ ስም የአባትን ስም እንጂ የእናትን ስለማይከተል፣ የእናትና የልጅ ፓስፖርት ጎን ለጎን ቢቀመጥ ዝምድናቸውን የሚናገር አንድም ፊደል አይገኝም።

አገር ቤት ይህ ክፍተት የሚሞላው በሰው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የልደት መዝገብ በሌለበት ልጅነት በማኅበረሰቡ ዘንድ ባለው ሁኔታ እንዲረጋገጥ ይፈቅዳል። ዘመድና ጎረቤት ችሎት ቀርቦ ልጇ መሆኑን እናውቃለን ብሎ ይመሰክራል፣ ዳኛው ይወስናል። ይኸው ሕግ በወላጅና በልጅ መካከል የመጦር ግዴታ ጥሏል፤ ልጅ የተቸገረ ወላጁን መመገብና ማሳከም አለበት። ወላጅ ወደ ልጁ ቤት ሲገባ የልጁን ደመወዝ ከቤተሰብ ቁጥር ጋር የሚያመሳክር ማንም የለም። ካናዳ ግን ጦሪ ለመሆን አስቀድሞ በገቢ ማለፍ ያስፈልጋል፤ በሁለት ፈረቃ እየሠራ ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው እናቱን መጦር ቢፈልግም ሠንጠረዡ ሊጥለው ይችላል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ፣ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ቢጫ ካርድ አውጥቶ ያለ ቪዛ ይገባል። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ከታወቀ በቂ ነው፤ ይመለሳል ወይ ብሎ የሚጠረጥረው የለም። ይህን የማነሳው ማን ቸር ማን ንፉግ ነው ለማለት አይደለም። በምስክር የኖረ ሕይወት በወረቀት ብቻ ወደሚያምን ቢሮ ሲሄድ አንድ ሰው መተርጎም አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ልጅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚተረጎመው ዕድር ነው። ዕድር የመተዳደሪያ ደንብ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው፣ በየወሩ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ወይም የክፍያ ደብተር ይሰጣል። ወርሃዊውን ያቋረጠ አባል ይቀጣል፣ ከቆየም ይሰረዛል። ስለዚህ ለ30 እና 40 ዓመት የዕድር አባል የሆኑ እናት ማለት የገዛ ቀብራቸውን ወጪ በየወሩ፣ በዚሁ ሰፈር፣ ለዚሁ ሰፈር ሰው ሲከፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚመለሱ ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ይህን ነገር መኮንኑ በራሱ አያውቅም፣ ሊያውቅም አይጠበቅበትም። የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊ ፈርመው ማኅተም ያሳረፉበት፣ አባልነቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ አባሉ ረጅም ጊዜ ቢቀር ምን እንደሚከተል የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከክፍያ ደብተሩ ኮፒና ከትርጉሙ ጋር ሲቀርብ ግን ያነበዋል። ከዕድሩ ቀጥሎ የጡረታ ማረጋገጫ፣ የቀበሌ ቤት የኪራይ ውልና ደረሰኝ፣ ክፍል አከራይተው ከሆነ ውሉ፣ አዲስ አበባ የቀረ ባል፣ ልጅ ወይም የሚጦሩት ታላቅ እህት ካለ የእነሱ መታወቂያና የዝምድና ማስረጃ ይመጣል። አባል የሆኑበት የልደታ ሰበካ ጉባኤ የሚሰጠው ደብዳቤም ከዚሁ ወገን ነው፤ ብቻውን ግን ክብደት የለውም።

ይህን ስል የሚመጣብኝ ተቃውሞ ይታወቀኛል። የዕድር ደብዳቤ በትውውቅ ይጻፋል፣ ማኅተምም ይገዛል ይባላል። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ደብዳቤው ያለ ደብተሩ ዋጋ የለውም የምለው። የዓመታት ወርሃዊ ፊርማ እንደ አንድ ቀን ማኅተም በቀላሉ አይፈበረክም። የሐሰት ወረቀት ደግሞ ቪዛ ከማስከልከል አልፎ በካናዳ ሕግ ለ5 ዓመት ያሳግዳል፤ ስለዚህ ያልሆነውን ሆነ ማለት ከሞኝነትም በላይ ነው። ሌላው ተቃውሞ መኮንኑ ለእንዲህ ያለ ወረቀት ጊዜ የለውም የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የክልከላ ውሳኔ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ ዳኛው በዋናነት የሚመረምረው መኮንኑ ፊቱ የነበረውን ማስረጃ በምክንያታዊነት አይቶታል ወይ የሚለውን ነው። ከካናዳ ውጭ ለተሰጠ ውሳኔ አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ 60 ቀን ነው። ያልቀረበ ማስረጃ ችላ ተባለ ተብሎ አይከሰስበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ «ለመሆኑ እናቶቻችን መመለስ ይፈልጋሉ ወይ?» አንዳንዶቹ አይፈልጉም። የካናዳ ሕግ ራሱ ወደፊት በቋሚነት የመኖር ሐሳብ መኖሩ፣ ጊዜው ሲያልቅ ለመውጣት እስካሰቡ ድረስ፣ ለጊዜያዊ ቪዛ መከልከያ እንዳይሆን አድርጓል። ስለዚህ የስፖንሰርሺፕ ተስፋ ያለው ሰው ተስፋውን መደበቅ የለበትም። ስለ ጉዞው ዓላማም እንዲሁ ግልጽ መሆን ይሻላል። በብዙ አካባቢያችን የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ትታረሳለች፤ በስደት ነገሩ ተገልብጦ እናት ወደ አራሷ ይመጣሉ። ይህን «ካናዳን ለመጎብኘት» ብሎ ማድበስበስ አያስፈልግም። የካናዳ መመሪያ እናት ልጇን በሕፃን ጥበቃ ማገዟን እንደ ቅጥር ሥራ አይቆጥረውም። ገንፎ ለማገንፋትና ሕፃን ለማጠብ እንደሚመጡ፣ ስንት ወር እንደሚቆዩ፣ ከዚያም ለምን እንደሚመለሱ የሚናገር የጥሪ ደብዳቤ ከአጠቃላይ ናፍቆት ይልቅ ይታመናል። አምስት ዓመት ስለተፈቀደ ብቻ አምስት ዓመት መጠየቅም ግዴታ አይደለም። ከዕድር ሳይሰረዙ፣ የቀበሌ ቤቱም ጥያቄ ሳይነሳበት ለመመለስ የሚያስችል ቆይታ ማቀድ ለፋይሉ ይጠቅማል፤ በኤድመንተን ክረምት መስኮት ዳር ለሚውሉ እናትም ይጠቅማል። ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ኢንሹራንስ፣ ሕመሙ ለተወሰነ ጊዜ የተረጋጋ ካልሆነ፣ ያንኑ ሕመም ላይሸፍን እንደሚችልም ጥሪውን ከመጻፍ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንግዲህ ይገለበጣል። መጀመሪያ ልደታ ያለ እህት፣ ወንድም ወይም የታመነ ጎረቤት ተይዞ የዕድሩ፣ የጡረታውና የቤቱ ወረቀት ይሰብሰብ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ በወረዳ፣ እምቢ ካለም በፍርድ ቤት ይውጣ፤ ይህ ብቻውን ወራት ሊበላ ይችላል። ከዚያ ስምና ዕድሜ ይመሳከር። የቀበሌ መታወቂያው የልደት ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ በፈረንጆቹ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ሳይቀይር የተወው ዓመት እናትን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጃል። የላቲኑ የስም አጻጻፍም ከወረቀት ወረቀት የተለየ ከሆነ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ቃለ መሐላ ይያያዝ። ከ79 ዓመት በላይ የሆኑ አመልካቾች አሻራ እንደማይጠየቁም ይታወቅ፤ የደከሙ አዛውንትን ለዚያ ብሎ ማንገላታት አያስፈልግም። የልጅ የባንክ ስቴትመንት በአንድ ቀን ይወጣል፤ ተራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኢንሹራንሱ የሚገዛው በመጨረሻ ነው፣ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ የሚመለስበት ውል መሆኑ አስቀድሞ ተነቦ።