ገጽ 1 እና ገጽ 16 ጎረቤት ናቸው

የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የመንዙማ ስብስብ፣ የሠርግ ፕሮግራም። ደሴ ላይ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው እነዚህን በእጁ ሳያጥፍ ዓመት አያልፈውም። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነው፦ ኤ4 ወረቀት ከመሃሉ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሁለት ስቴፕል ተመትቶ፣ ኪስ የሚገባ ትንሽ መጽሐፍ።

ደንበኛው ፋይሉን በቴሌግራም ይልክና «አንድ ፊት ላይ ሁለት ሁለት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ አትምልኝ፤ ማጠፉን እኔ አውቅበታለሁ» ይላል። እሺ ብላችሁ ካተማችሁለት ሲያጥፈው ሽፋኑ ላይ ገጽ 2 ይቀመጣል። ሲገልጠው 3 ያገኛል፤ ከ3 ዘሎ 6 ይመጣል። ከዚያ ተመልሶ ይመጣና «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» ይላል። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ የታዘዘውን ነው ያተመው።

ምክንያቱን ለማየት የተማሪ ሉክ ይበቃል። ሁላችንም ፈተና የተፈተንበት ያ የታጠፈ ወረቀት አራት ገጽ አለው። ዘርግታችሁ ብታዩት 4 እና 1 በአንድ ፊት፣ 2 እና 3 በሌላው ፊት ናቸው። አሁን ሦስት ሉክ መሃሉ ክተቱበትና 16 ገጽ አድርጉት። የውጭው ሉክ ላይ 1 እንደነበረ ይቆያል፤ ጎረቤቱ ግን 4 መሆኑ ቀርቶ 16 ይሆናል። ጀርባው 2 እና 15 ነው። ቀጣዩ ሉክ 14 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 13። ሦስተኛው 12 እና 5፣ ጀርባው 6 እና 11። የመጨረሻው 10 እና 7፣ ጀርባው 8 እና 9። ጎን ለጎን ያሉትን ደምሩ፤ ሁሌም 17 ይመጣል። ባለ 24 ገጽ ከሆነ 25፣ ባለ 32 ከሆነ 33። በቃ፣ ሒሳቡ ይህ ነው። ጎደሎ ቁጥሩ ምንጊዜም በቀኝ በኩል ይውላል። የገጹ ብዛት ደግሞ ለ4 መካፈል አለበት፤ 30 ገጽ ይዞ የመጣ ሰው ሁለት ባዶ ገጽ ይጨምራል፣ ወይም የዕድሩን አባላት ስም ዝርዝር ያስገባበታል።

አክሮባት ሪደር ላይ «ቡክሌት» የሚለውን ብትነኩ ይህን ሁሉ ድልደላ ራሱ ይሠራዋል፤ ታዲያ ምን አደከመህ ትሉኝ ይሆናል። የሚያደክመኝ ቁልፉ ሁሉን አለማወቁ ነው። ማሽኑ ሁለቱን ፊት ሲያትም ወረቀቱን በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለብጥ ካልነገራችሁት ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። በኤ4 የተጻፈ ፋይል ሲጨመቅ ደግሞ 12 የነበረው ፊደል ወደ 8 ተኩል ይወርዳል። የዕድር ሽማግሌዎች ይህን በመነጽርም አያነቡትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጹን ኤ5 አድርጋችሁ ጻፉ፤ በፓወር ግዕዝ የጻፋችሁ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፣ እኛ ጋ ሲከፈት ፊደሉ ሌላ ነገር ሆኖ እንዳይጠብቀን።

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የሌላ አገር ኮፒ ቤት ብዙም የማያውቀው ይመስለኛል። መጽሐፍ እዚህ ከሁለት ወገን ይከፈታል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ብትደርሱ፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል አለ፤ ግዕዝ ስለሆነ ሽፋኑ በግራ እጅ በኩል ይገለጣል። በየመስጊዱና በየሸሆቹ ቤት ያለው ኪታብ ደግሞ ከቀኝ ይከፈታል። እነ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር መንዙማውን በአማርኛ ሲገጥሙ የጻፉት በዐረብኛ ፊደል ነበር፤ አጀሚ የምንለው ነው። ያው አማርኛ በሳባ ፊደል ሲጻፍ ከግራ፣ በአጀሚ ሲጻፍ ከቀኝ ይከፈታል ማለት ነው። ለዐረብኛው ድልደላው ይገለበጣል፤ 1 በግራ፣ 16 በቀኝ ይሆናል። ፕሮግራሙ ላይ ባይንዲንጉን ወደ «ራይት» መቀየር ነው፤ ያን ያልነካ ሰው መጽሐፉን ከመጨረሻው ጀምሮ የሚነበብ አድርጎ ያስረክባል።

ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ ሸህ ይዘው የመጡት ግን ሁለቱም ነበር፤ 12 ገጽ ዱዓ በዐረብኛ፣ 12 ገጽ ትርጉም በአማርኛ፣ በአንድ መጽሐፍ። «ልጄ፣ የቱ ይቅደም?» አሉኝ። «አብሽሩ፣ ሁለቱም ይቀድማሉ» አልኳቸው። አማርኛውን ከ1 እስከ 12 እንዳለ ተውኩት። ዐረብኛውን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ወደ ኋላ ደረደርኩት፤ የዐረብኛው አንደኛ ገጽ የፋይሉ 24ኛ ሆነ። ከዚያ እንደ ተራ አማርኛ መጽሐፍ አተምኩት። 1 እና 24 ጎረቤት ናቸውና የውጭው ወረቀት በቀኝ የአማርኛው፣ በግራ የዐረብኛው ሽፋን ሆኖ ወጣ። መሃሉ ላይ 12 እና 13፣ የሁለቱ ቋንቋ የመጨረሻ ገጾች፣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሸሁ ከዚያም ከዚህም እየገለጡ አዩትና «ማሻአላህ» ብለው 50 ኮፒ አዘዙ።

ብዙ ገጽ ላላችሁ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። 80 ገጽ 20 ወረቀት ነው። 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ሃያው አንዱ በሌላው ውስጥ ሲታጠፍ የመሃሉ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገፍቶ ይወጣል። ጠርዙን በመቁረጫ ስታስተካክሉት የመሃሉ ገጽ ኅዳግ ይጠባል፤ የገጽ ቁጥሩ ጠርዝ ላይ ከነበረ አብሮ ይቆረጣል። የብራና ጸሐፊዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ድርብ ቅጠል ብቻ አጥፈው አንድ ጥራዝ ያደርጉና ጥራዞቹን እርስ በርስ በክር ይሰፋሉ። እናንተም 80 ገጹን በአምስት ባለ 16 ገጽ ጥራዝ ክፈሉት። ጥራዞቹ እንዳይዘባረቁ የኪታብ ጸሐፊዎች የገጹ ግርጌ ላይ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል ይጽፉ ነበር፤ እኔ በእርሳስ ቁጥር አደርግበታለሁ።

የደሴ ክረምት ነገርም አለ። ጉሙ ሲወርድ የተከፈተ ደስጣ እርጥበት ይጠጣል፤ አንዱ ፊት ታትሞ ለጀርባው ሲመለስ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ማሽን ውስጥ ይያዛል። ቁልቁል ኮምቦልቻ፣ ሙቀቱ ውስጥ፣ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ደሴ ላይ ግን ወረቀቱን ከማሸጊያው የምናወጣው ሊታተም ሲል ነው፤ የታተመውም ለጀርባው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ይቀዝቅዝ።

ዋጋው ላይ ስመጣ፣ ባለ 32 ገጽ ደንብ በአንድ ፊት ኤ4 ታትሞ ስፓይራል ሲደረግ 32 ወረቀት ይበላል። ታጥፎ ሲሠራ 8 ነው። ስፓይራሉን የሚመርጡት «ደልደል ያለ ይመስላል» ብለው ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሁን፤ ዕድርተኛው በየወሩ ኪሱ ከትቶ ለሚመጣው ደንብ ግን ምኑም አይደለም።

ረጅም እጅ ያለው ስቴፕለር ከሌላችሁ ተራውን ስቴፕለር ዘርግታችሁ፣ ከወረቀቱ ሥር ወፍራም ካርቶን አድርጋችሁ እጥፋቱ ላይ ምቱት። ከዚያ ገልብጡና የሽቦውን ጫፍ በማንኪያ ጀርባ እጠፉት። ስቴፕሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ሹሉ ሽፋኑ ላይ ከቀረ የሰው ጣት ይወጋል።