ስንት ራም አለው ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈራችን መብራት ጠፋ። እኔ ደግሞ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ የምልከው የ40 ገጽ ትርጉም ይዣለሁ። የቀረኝ አራት ገጽ ነው። በሰዓት ሁለት ገጽ ያህል ስለምተረጉም ብዙም አልደነገጥኩም። ላፕቶፕ ነው፣ ባትሪ አለው። ዋይፋዩ ቢጠፋም የስልኬን ዳታ አበራለሁ። ስልኬ 30 ፐርሰንት ላይ ስለነበር በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ልክ በሰዓቱ ስክሪኑ ድርግም አለ።

ሁለት ገጽ ይቀረኛል። የሠራሁት ሴቭ ተደርጓል፤ ግን ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ቻርጀሬን በቦርሳ ይዤ በጭቃው ወጣሁ። ሰፈራችን ውስጥ ጀነሬተር ያለው አንድ ካፌ ብቻ ነው፤ ስደርስ አስተናጋጇ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየገለበጠች ነበር። መብራቱ የመጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ሥራውን የላክሁት ጠዋት 1 ሰዓት። ደንበኛዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲሰጠኝ የቆየ፣ ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» አሉ፤ ክፍያውንም ሳያጓድሉ ላኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ገጽ እንኳን አልመጣልኝም።

መብራት መጥፋቱ ለማናችንም አዲስ ነገር ስላልሆነ እሱን ትቼዋለሁ። ለብዙ ቀን ያብከነከነኝ የራሴ ድርሻ ነው።

ላፕቶፑን ከገዛሁት አራት ወር ሆኖት ነበር። ያገለገለ ነው፤ 52 ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ። የሽያጭ ቻናሉ ላይ የተለጠፈው እንዲህ ይላል፦ ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ራም፣ 512 ኤስ ኤስ ዲ፣ ፎር ኬ ተች ስክሪን፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ባትሪ አሪፍ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ሁሉም ነገር በቁጥር ተጽፎ ባትሪው ብቻ በቅጽል! «ራም አሪፍ» ብሎ የለጠፈ ሰው ቢኖር ስቀን እናልፈው ነበር።

ሱቁ ስሄድ ልጁ የአንዲት ባለ ብዙ ቀለም ወፍ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ብርሃኑ እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ቻርጀሩም ተሰክቷል። «ባትሪውስ?» አልኩት። «አታስብ ወንድሜ፣ አራት ሰዓት ይይዝልሃል፤ ይሄኮ ማሽን ነው!» አለኝ። እኔም ወፏን እያየሁ ብሩን አስተላለፍኩ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ አንድ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ወጣት ነው። ላፕቶፑን ሳይከፍተው፣ «ጋሼ፣ የባትሪ ሪፖርቱን አይተውት ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ አንዲት መስመር ጻፈ። እናንተም ዊንዶውስ ካላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት፦ «ፓወርሲኤፍጂ» ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ ስላሽ አድርጋችሁ «ባትሪሪፖርት»ን በአንድ ቃል ጻፉ (በእንግሊዝኛ ፊደል ማለቴ ነው)። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ይነግራችኋል፤ በብራውዘር ክፈቱት። ከላይ አካባቢ ሁለት ቁጥሮች አሉ። «ዲዛይን ካፓሲቲ» የሚለው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ነው፤ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚለው ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው። የእኔ 52,000 እና 21,300 ሚሊ ዋት አወር ይላል። ከግማሽ በላዩ ሞቷል። ፐርሰንቱ ግን ሁልጊዜ 100 ብሎ ያሳየኝ ነበር፤ ምክንያቱም የሚያሳየው የቀረውን ዕቃ ሞላ ብሎ ነው።

ዋት አወር ማለት በቀላሉ ጀሪካኑ ስንት ሊትር ይይዛል እንደማለት ነው። ዋት ደግሞ ቧንቧው በምን ፍጥነት እንደሚቀዳ። 21.3 ዋት አወር የሚይዝ ጀሪካን 16 ዋት በሚቀዳ ቧንቧ ቢከፈት አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቆያል። ታዲያ የእኔ ለምን በአንድ ሰዓት ሞተ? ስልኬ ነዋ! 5000 ሚሊ አምፒር አወር የሚባለው የስልክ ባትሪ ወደ ዋት አወር ሲቀየር 19 ገደማ ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ከቀረው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። በዚያ ምሽት አንዱን የተራበ በሌላው የተራበ እየመገብኩ ነበር።

ቧንቧውን እንለካው ብሎ ፍጆታውን በዋት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጫነልኝ። ቤት ወስጄ ቻርጀሩን ነቅዬ ቁጭ አልኩ። ብርሃኑ ሙሉ ሆኖ፣ የብራውዘር ገጾቼ እንደተለመደው ሃያ ምናምን ተከፍተው፣ 16 ዋት። ብርሃኑን ወደ 40 ፐርሰንት ዝቅ አድርጌ የማያስፈልጉኝን ገጾች ስዘጋ፣ 10 ዋት። በ10 ዋት ያው የሞተ ባትሪ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይቆያል። አራት ገጽ ሁለት ሰዓት ነው ብያችኋለሁ። አስሉት።

ስክሪን ቀላል ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ከላፕቶፑ ፍጆታ ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ፎር ኬ የሚባለው ነገር ጉድ ሠራኝ። ተራው ፉል ኤችዲ ስክሪን 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አሉት፤ ፎር ኬ ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ ማለትም አራት እጥፍ። ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ነጥቦቹ ራሳቸው አያበሩም፤ ከኋላቸው ያለ መብራት ነው የሚያበራው። ነጥቦቹ እየደቀቁ በሄዱ ቁጥር ሾልኮ የሚወጣው ብርሃን ስለሚቀንስ፣ ያንኑ ያህል ድምቀት ለማግኘት የኋላው መብራት ጠንከር ማለት አለበት። እኔ በ14 ኢንች ስክሪን ላይ የምጽፈው አማርኛ ነው። የወፏ ላባ ለትርጉም ሥራ ምን ያደርግልኛል?

እግረ መንገዴን ላንሳው፤ ብዙ ሰው «ዳርክ ሞድ ባትሪ ይቆጥባል» ሲል እሰማለሁ። የሚቆጥበው ኦኤልኢዲ በሚባለው ስክሪን ላይ ነው፤ እዚያ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ መብራት ስላላት ጥቁር ማለት የጠፋ ማለት ነው። ኤልሲዲ ላይ ጥቁር ማድረግ መብራቱን አብርቶ መጋረጃ እንደመዝጋት ነው። ክፍሉ ይጨልማል፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል።

ብርሃን የሚለካው በኒት ነው። ርካሽ የሆኑት 220 ወይም 250 ናቸው፤ ሻል ያሉት 300 እና 400። ከፍ ያለ ኒት ማለት ሁልጊዜ ያን ያህል ይበላል ማለት አይደለም፤ ሲያስፈልግ ያን ያህል መድረስ ይችላል ማለት ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ በሻማ አጠገብ ለሚሠራ ሰው ከመቶ ብዙም የማይርቅ ኒት ይበቃዋል። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈውን ሰዓትም በዚሁ ዓይን እዩት። አፕል በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤም 1 ማክቡክ ኤር ለኢንተርኔት 15 ሰዓት ይቆያል ሲል፣ ከታች በደቃቁ የተጻፈው የስክሪኑ ብርሃን ከዝቅተኛው 8 እርከን ብቻ ከፍ ተደርጎ እንደተለካ ይናገራል፤ ግማሹ ላይ እንደማለት ነው። ያም ሆኖ ላፕቶፑን ላመስግነው። ባትሪው 49.9 ዋት አወር ነው፤ የእኔው አዲስ በነበረበት ጊዜ ከሚይዘው ያንሳል። ልዩነቱ ያለው ቧንቧው ላይ ነው።

ፕሮሰሰር ላይም እንዲሁ። «ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ ከቁጥሩ በኋላ ያለችውን ፊደል ጠይቁ። ለረጅም ዓመታት ኢንቴል ዩ የሚላቸውን 15 ዋት፣ ኤች የሚላቸውን ደግሞ 45 ዋት ብሎ ሲመድባቸው ኖሯል። ስማቸው ሁለቱም አይ ሰቨን ነው። ግራፊክስ የሚሠራ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ኤቹን ይውሰድ። ቃላት ለሚጽፍ፣ ኤክሴል ለሚሞላ፣ ለሚያስተምርና ለሚማር ሰው ግን ዩ የምትለው ፊደል መብራት በጠፋበት ሌሊት ወዳጅ ናት።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ 5150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ያልሸመደደ አልነበረም። እኔም ታክሲ ውስጥ ስለ ተርባይኖቹ ስከራከር ነበር። ከግድቡ እስከ ቤቴ ድረስ ያለው መስመርና ትራንስፎርመር የራሱ ታሪክ አለው፤ ሌላ ጊዜ እንጽፍበታለን። ግን ያን ሁሉ ሜጋ ዋት በቃሌ የያዝኩ ሰውዬ ቦርሳዬ ውስጥ 21 ዋት አወር ብቻ እንደቀረኝ አላውቅም ነበር። ሁለቱንም ማወቅ ይቻላል መቼም።

ባትሪ ቀይረው የሚል ምክር ይመጣል። ቀየርኩት። የመጀመሪያው ምትክ ላዩ ላይ 52 ዋት አወር ተጽፎበታል፤ ሪፖርቱን ሳወጣ 38 ሆነ። መለስኩት። ሁለተኛው 50 ገባ፤ እሱን ይዣለሁ። ካልለካሁት የመጀመሪያውን አመስግኜ ነበር የምወስደው። ደግሞ የመዳፊት ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሳባችሁ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላልና ቻርጅ ማድረጉን አቁማችሁ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። በዚህ ቀልድ የለም።

ሊቲየም ባትሪ ሙቀትና ሁልጊዜ 100 ላይ ተሰክቶ መዋልን አይወድም። ብዙ ላፕቶፖች 80 ላይ እንዲያቆም የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቼ ሁልጊዜ 80 ላይ አድርገው ይላሉ፤ እነሱ ቤት መብራት አይጠፋም። እኔ ቀን ቀን 80 ላይ አደርገዋለሁ፤ ክረምት ሲሆንና የማስረክበው ሥራ ሲኖረኝ ግን ከቀትር በኋላ 100 እሞላዋለሁ። ባትሪው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢያረጅ ይሻለኛል። ክዳኑን ዘግታችሁ ቦርሳ ውስጥ ስትከቱትም ስሊፕ ላይ አትተዉት፤ አዳዲሶቹ ስሊፕ ላይ ሆነው እንደ ስልክ ከውስጥ መሥራታቸውን ስለማያቆሙ ቦርሳ ውስጥ ግለው ባዶ ሆነው ይጠብቋችኋል። ሀይበርኔት አድርጉት።

ያገለገለ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ሌኖቮ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲንክፓድ ቲ 480 ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ 24 ዋት አወር፣ ሌላው ከኋላ የሚነቀል። የሚነቀለው እስከ 72 ዋት አወር የሚይዝ አለው። የውስጡ እየሠራ የውጭውን ሳታጠፉት መቀየር ትችላላችሁ። መልኩ ጡብ ነው የሚመስለው፣ ስክሪኑም ደብዛዛ ነው። የእኛን ኑሮ አስቦ የሠራው ሰው ያለ ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሸጡ ላፕቶፖች በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ እንዲደረጉ፣ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ የዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊነቅለው የሚችል እንዲሆን ደንግጓል። እነዚያ ዕቃዎች ከዓመታት በኋላ አገልግለው እኛ ገበያ ሲደርሱ ጠጋኞቻችን ይገላገላሉ። እስከዚያ ግን ሻጮቻችን ሁለቱን ቁጥሮች ለመለጠፍ የማንም ሕግ አያስፈልጋቸውም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ለስድስት ሻጮች በየውስጥ መስመራቸው ጻፍኩላቸው። ሦስቱ አልመለሱም፣ አንዱ «አዲስ ነው አልኩህ እኮ» አለኝ፣ አንዱ ብሎክ አደረገኝ። አንዱ ፎቶ ላከልኝ።

የፎቶው ቁጥር 48,000 እና 41,700 ይላል። ፕሮሰሰሩ ባለ ዩ ነው፣ ስክሪኑ ፉል ኤችዲ። ዩኒቨርሲቲ የምትገባውን የእህቴን ልጅ እዚያ ላክኋት። ከሱቁ ደወለች፤ «አጎቴ፣ ሌላው ጋ ያለው ስክሪን በጣም ያምራል፣ ይሄኛው ትንሽ ደብዘዝ ይላል። የቱን ልግዛ?» አለችኝ። የሌላኛውን ሪፖርት አውጪና አንብቢልኝ አልኳት። ትንሽ ቆየች። «50,000 ይላል፣ ከሥሩ 19,000።»

ደብዛዛውን ይዛ መጣች። 250 ኒት ነው፤ ቀን ቀን መስኮት አጠገብ አትቀመጪ አልኳት።