ዘበኛውና እንግዳው

ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ባለው ቤታችን አንድ አዲስ ዘበኛ ተቀጥሮ ነበር። በዚያው ሰሞን አያቴ አንድ ገንቦ ማር አስይዘው ከሰላሌ መጡ፤ ሲደርሱ ግን መሽቶ ኖሯል። ዘበኛው አያውቃቸውምና «ማንም አይገባም ተብያለሁ» ብሎ ከደጅ መለሳቸው። አያቴ ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አድረው፣ ማለዳ ከነማራቸው ተመለሱ። እናቴ ዘበኛውን አልተቆጣችውም። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አላስተዋወቅነውም» አለች እንጂ።

ይህ ታሪክ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሜሪላንድ፣ ከአንዲት የሕፃናት ሐኪም ፊት ተቀምጬ ይታወሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ልጄ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። መዳህ ሲጀምር ጉልበቶቹ እየበለዙ ያብጡ ጀመር። ምርመራው ሄሞፊሊያ ኤ መሆኑን ነገረን። ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች አንዱ፣ ፋክተር 8 የሚባለው፣ በልጄ ደም ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በሽታው በአብዛኛው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል፤ እናቲቱ ራሷ ሳትታመም ትሸከመዋለች። እኔም ሳላውቀው ተሸክሜው ኖሬአለሁ።

መድኃኒቱ ያው የጎደለው ፋክተር ነው፤ በደም ሥር ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሠመረ። ቆይቶ ግን መድኃኒቱ እየተሰጠውም እንኳ ደሙ አልቆም አለ። ሐኪሟ ቀስ ብለው አስረዱኝ፦ የልጄ በሽታ የመከላከል አቅም ደካማ አይደለም፤ ብርቱ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሰውነቱ ፋክተር 8ን ከተፈጥሮው አያውቀውምና እንደ ጠላት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካላት አዘጋጀበት። እንግዳው ከደጅ እየተመለሰ ነበር። ብርቱ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ከ10 ሕፃናት በሦስቱ ገደማ ይህ ይደርሳል፤ በአብዛኛውም መድኃኒቱ በተሰጠባቸው የመጀመሪያዎቹ 50 ቀናት ውስጥ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ስለ በሽታው ሳነብ አደርሁ። ያነበብሁትም ከእኛ ጭንቀት የከፋ ሌላ ታሪክ ነበር። በ1970ዎቹ ፋክተር 8 ከሺዎች በተለገሰ ፕላዝማ በአንድነት ተቀላቅሎ ይዘጋጅ ነበር። ዱቄቱ በቤት ማቀዝቀዣ ተቀምጦ፣ ሕሙማኑ በገዛ እጃቸው ይወጉት ነበርና ታላቅ ነፃነት ሆነላቸው። በሐምሌ 1982 እ.ኤ.አ. ግን በአሜሪካ ሦስት የሄሞፊሊያ ሕሙማን፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ብቻ በሚይዘው የሳንባ ምች መታመማቸው ተዘገበ። በ1983 መጀመሪያ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ይህን መድኃኒት የሚወስዱ፣ ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳት ሚዛን መዛባቱን አሳዩ። ከጥቂት ለጋሾች ደም በተዘጋጀው በቀድሞው መድኃኒት የሚታከሙት ግን ይህን ያህል አልተጎዱም ነበር።

ከእንግዳው ጋቢ ሥር ተሸሽጎ ሌላ ገብቶ ነበር፤ እርሱም ኤች አይ ቪ ነው። የገባውም ዘበኛውን ሊገድል ነበር። በአሜሪካ ከነበሩት የሄሞፊሊያ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ተያዙ። የኢንዲያናው ራያን ዋይት በታኅሣሥ 1984 እ.ኤ.አ. በኤድስ መያዙ ሲታወቅ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤት አገዱት፤ ተሟግቶ ተመለሰ፤ በሚያዝያ 1990 በ18 ዓመቱ ሞተ። ፋክተሩን በሙቀት ማከም፣ የለጋሾችን ደም መመርመር፣ ከ1992 ጀምሮም ከሰው ደም ሳያወጡ በላቦራቶሪ ማዘጋጀት የመጣው ብዙዎች ከተያዙ በኋላ ነው። የልጄ መድኃኒት ንጹሕ የሆነው በእነዚያ ልጆች ዋጋ ነው።

እናቴ በስልክ ትጠይቀኝ ነበር። «የገዛ ደሙ መድኃኒቱን እምቢ አለው» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ያኔ ዘበኛውን እንዴት አለማመድነው? አያትሽ በየቀኑ በበሩ አልተመላለሱምን?» አለችኝ። ሐኪሟም ያዘዙት ይህንኑ ነበር፤ ብዙ ፋክተር በየቀኑ መስጠት፣ ሰውነቱ እስኪለምድ ድረስ። ሕክምናው ከግማሽ በሚበልጡት ሕፃናት ላይ ይሳካል። እኛ አሥራ አራት ወር ሞከርን። በየማለዳው ያችን ትንሽ ክንድ እየያዝሁ አለቀስሁ። የልጄ ዘበኛ ግን አልለመደም።

በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ኤሚሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ነገሩ ያስደንቃል፤ መድኃኒቱ ራሱ ፀረ እንግዳ አካል ነውና። በአንድ ክንዱ ፋክተር 9ን፣ በሌላው ፋክተር 10ን ይዞ ያገናኛቸዋል፤ የፋክተር 8 ሥራም ይኸው ነበር። መልኩ ግን ፋክተር 8ን አይመስልምና የልጄ ዘበኛ አላገደውም። የሚወጋውም ከቆዳ ሥር ነው። ልጄ አልተፈወሰም፤ ነገር ግን ይሮጣል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እርስዋ ግን ከእኔ በፊት ስለ ወለደችው ልጅ ነገረችኝ፤ ስለ እርሱ ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ አላውቅም። በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ ደሙ ሳይቆም አደረ፤ በማግሥቱም ሞተ። አርባ ቀን ሞልቶት አልተጠመቀምና የክርስትና ስም እንኳ አልነበረውም። መንደሩ ገራዡን ኮነነ፤ «እጁ እርኩስ ነው» ተባለ፤ ሰውየውም ሰፈሩን ለቆ ሄደ። አማቷ ደግሞ እናቴን ኮነኑ።

«እና የሰውየው እጅ አልነበረም?» አለችኝ።

«አልነበረም፣ እማዬ።»

«የእኔም ኃጢአት አልነበረም?»

«አልነበረም።»

በስልኩ ውስጥ ትንፋሽዋ ብቻ ይሰማኝ ነበር። በቋንቋችን በከንቱ የፈሰሰ ደም «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። ወንድሜ ደመ ከልብ ሆኖ ኖሯል፤ ለምን እንደ ሞተ ያወቀ አልነበረምና። አንድ ያልበደለ ሰውም ስሙን አጥቶ ተሰድዷል።

ከሳምንት በኋላ እናቴ ራሷ ደወለች። ገራዡ ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ግን ደብረ ብርሃን እንደሚኖር አጠያይቃ ደርሳበታለች። በሰማንያ ዓመቷ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄዳ፣ በሩን አንኳኩታ፣ «አባትህ ልጄን አልገደለም» ብላዋለች።

«ምን አለሽ?» አልኋት።

«መጀመሪያ አላወቀኝምና ከደጅ አቆመኝ» አለች እናቴ። «በኋላ ግን አስገባኝ።»