ኩልዳባድ፣ የሀበሻው ማረፊያ

ህንድ ደርሶ የመጣ ሰው የሚያወራው ስለ ታጅ ማሃል ነው። እኔ የማወጋችሁ ግን በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት ስለምትገኝ ኩልዳባድ ስለምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ልጄ የሚማረው ፑኔ ነው። ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ “እማዬ፣ የአገራችን ሰው መቃብር አለ፤ ሳታዪው አትመለሺም” አለኝ። ከፑኔ እስከ አውራንጋባድ (ዛሬ በመንግሥት ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ናት) የአውቶብሱ ጉዞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ ወደ ኩልዳባድ የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እሱን በባጃጅ ሄድን። ባጃጅ የኩባንያው ስም መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ሰዉ “አውቶ” ነው የሚለው። ከፋብሪካዎቹ አንዱም እዚያው አውራንጋባድ ዳርቻ ይገኛል። መንገዱ በዳውላታባድ ምሽግ አጠገብ ያልፋል። ጥቅምት ስለነበር በየጥጋጥጉ ጊሽጣ በቅርጫት ይሸጣል፤ እንዲህ የጣፈጠ ጊሽጣ በልቼ አላውቅም።

የኩልዳባድ ስም “የዘላለም መኖሪያ” እንደ ማለት ነው። እውነትም ከነዋሪዎቿ ሟቾቿ የሚበዙ ይመስላል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቱግሉቅ ዋና ከተማውን ወደ ዳውላታባድ ሲያዛውር ብዙ የሱፊ ሼሆችም መጥተው እዚህ አረፉ። መቃብሮቻቸው ዛሬም ሕዝብ ይዘየርባቸዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ጽጌረዳና መቃብር ማልበሻ ጨርቅ ይሸጣል። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል። ነጠላዬ እንደዚያ ቀን ጠቅማኝ አታውቅም። ድንጋዩ በቀትር እግር ይለበልባልና በዕድሜ ገፋ ያላችሁ ወፍራም ካልሲ ያዙ።

ከሼህ ዘይኑዲን መቃብር ግቢ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ተቀብሯል። በ1707 ነው የሞተው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሻህ ጃሃን ታጅ ማሃልን ያሠራ ነው። የልጁ መቃብር ግን ጣሪያ እንኳ የለውም፤ ላዩ ባዶ አፈር ነው። ቆብ ሰፍቶ ባጠራቀማት ገንዘብ እንዲቀበር ተናዞ ነበር ይባላል። በዙሪያው ያለው የእብነ በረድ አጥር ኋላ የተጨመረ ነው።

ኤሎራ ከኩልዳባድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ነው። ማክሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀን መምረጥ ያሻል። እዚያ 34 ዋሻዎች በአንድ ተራራ ጎን ተፈልፍለዋል፤ 12ቱ የቡድሂስቶች፣ 17ቱ የሂንዱዎች፣ 5ቱ የጃይኖች። ሦስት ሃይማኖት፣ አንድ ግድግዳ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው 16ኛው፣ ካይላሳ የሚባለው ቤተ መቅደስ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተጠርቦ ወጣ። በአፋፉ ዞረን ቁልቁል ስናየው ቤተ ጊዮርጊስ ትዝ አለችኝ፤ ላሊበላ የሄደ ሰው ያንን ስሜት ያውቀዋል። ካይላሳ በዕድሜ 400 ዓመት ያህል ይቀድማል፣ በግዝፈትም ይበልጣል፤ ግድግዳው ሁሉ ዝሆንና አማልክት ነው፣ ዓይን ማሳረፊያ የለውም። የላሊበላ ጸጥታ ይሻላል አልኩ። ልጄ “አድልተሻል” ብሎ ሳቀብኝ። ላድላ!

ጥቂት እልፍ ሲሉ ለሺቫ ከተሰጡት 12 ታላላቅ ስፍራዎች አንዱ የሆነው የግሪሽኔሽዋር ቤተ መቅደስ አለ። ወንዶች ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲገቡ ከወገብ በላይ ይራቆታሉ። ልጄ ሸሚዙን ሲያወልቅ ከስቶ አየሁትና ከቤተ መቅደሱ ይልቅ የእሱን ጎድን ስቆጥር ቆየሁ።

ፀሐይ ስትበርድ ወደ ኩልዳባድ ተመለስን። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጉልላት ያለው የድንጋይ ሕንጻ ቆሟል። አበባ ሻጭ የለም። ማሊክ አምበር ያረፈው እዚህ ነው።

በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ምድር ተወለደ። የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። ወላጆቹ ከድህነት የተነሣ ሸጡት የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ሞካ ተሸጠ፣ ባግዳድ ተወሰደ፤ እዚያ የገዛው ነጋዴ አስተማረው፣ አምበር የሚለውንም ስም ሰጠው። በመጨረሻ የህንዱ የአህመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ገዛው። ያም ሹም ራሱ በባርነት የመጣ ሀበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት አምበር ነጻ ወጣ፣ ወታደር ሰበሰበ፣ ንጉሥ አነገሠ፤ በ1626 እስኪሞት አገሩን የመራው እሱ ነው። ከሙጋሎች ጋር ሲዋጋ ኖረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ያላገኘውን በሥዕል ተወጣው፦ የአምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ አስሣለ። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን ውስጥ ይገኛል። የገዛ አውራንጋባድን ከተማ የመሠረታትም በ1610 አምበር ነው፤ በመሬት ሥር ቦይ አስቆፍሮ ውሃ ያስገባላትም እሱ። ስሙን የወሰደው ግን አውራንግዜብ ሆነ።

ልጄ “እናቱ ይህን ሁሉ ሰምታ ይሆን?” አለኝ።

ከየት ትሰማለች? እኔ ልጄን ቦሌ ሸኝቼ፣ ማታ ማታ ፊቱን በስልክ እያየሁ እንኳ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። እሷ በየገበያው ቀን ወደ መንገዱ ስታይ ኖራ ይሆናል። ሸጣው ከሆነ ደግሞ ምን ቀምሳ አደረች? ይህን ለልጄ አልነገርኩትም።

በበሩ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ልጄ “ሀበሽ” አላቸው። ተነሥተው መቃብሩን በእጃቸው አሳዩን፤ ፋቲሃ ቀሩለት። እኔ በልቤ አባታችን ሆይ ደገምኩለት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ “ቻፑ” ብዬ ጠራሁት። ሚስቱ ካሪማም እዚያው አቅራቢያ ነው የተቀበረችው። ብቻውን አለመሆኑ ደስ አለኝ።

በማግስቱ አውራንጋባድ ውስጥ አምበር በ1612 ሙጋሎችን ያሸነፈበትን ለማሰብ ወዳሠራው ባድካል በር ሄድን። ትልቅ የድንጋይ ቅስት ነው፤ ዙሪያውን ሞተር ብስክሌት ይተራመሳል። ሻይ የሚሸጥ ጎልማሳ ልጄን ከየት እንደመጣ ጠየቀው፤ ሲነግረው በሩን እየጠቆመ “የእናንተ ነው” አለን። የሻዩን ሂሳብ ግን አልማረንም።