ከ09 ጎን 07

በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ሲጀምር፣ የገጠመው ሥር የሰደደው ኢትዮ ቴሌኮም ነበር። ቀላሉ መንገድ ደንበኛው የኢትዮ ቴሌኮምን 09 ሳይጥል የሳፋሪኮምን 07 እንዲጨምር ማድረግ ነው፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያግዘዋል፣ ርካሽ የዳታ ጥቅልም ወጣቱን ይስባል። የገንዘቡ ነገር ግን ይከብዳል፤ የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ ኤምፔሳ ሲመጣ ነጋዴውም ዘመድ አዝማዱም የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ላይ ነበሩ።

አርሲ ላይ ደግሞ መልክዓ ምድሩ አለ። ሞገዱን ሸንተረር ይጋርደዋል፤ አሰላ ከተማ ላይ የቆመ አንቴና ከጭላሎ ተራራ ተዳፋት ጀርባ ገብስ የሚያጭደውን ገበሬ ላይደርሰው ይችላል። እዚያ ምሰሶ ማቆም መንገድና መብራት ይጠይቃል፣ ደንበኛውም ጥቂት ነው። ፉክክሩ ከተማ ላይ ጦፎ ገጠሩ መጠበቁ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሁለቱም ኩባንያዎች በገጠር ምሰሶ ይጋሩ።