በሽሎ ወርጄ

ወንድሜ ሲያትል ነው የሚኖረው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሳልመን ሊያጠምድ ወንዝ ይወርድና ፎቶ ይልክልኛል። ፈቃድ አለው፤ ያጠመደውንም አንድ በአንድ እየቆጠረ ካርድ ላይ ይሞላል። ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይወለድና ባሕር ገብቶ ያድጋል፤ ሊራባ ሲል የውሃውን ጠረን ተከትሎ የተወለደበት ወንዝ ድረስ ይመለሳል። «ከእኔ ይሻላል» ይላል ወንድሜ እየሳቀ። አጅባርን ካየ አሥራ አራት ዓመቱ ነው።

አባታችን ሲሞት መምጣት አልቻለም፤ ወረቀቱ ገና ነበር። በዓመቱ በሰው እጅ ዕቃ ላከልኝ። ጫማ ይሆናል ብዬ ስከፍተው የሚጣጠፍ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ሆኖ አገኘሁት። «በሽሎ ውረድና አንድ አምባዛ አውጣልኝ። አባባ ያስተማረኝ እዚያ ነው» አለኝ። እሱ አጅባር ነው ያደገው፤ እኔ የተወለድኩት ቤተሰቡ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው። የአባቴን ወንዝ በወሬ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም ነበር።

ኅዳር ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሌሊት 11 ሰዓት ወጣን። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጭላዳዎቹ ገና ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ከዚያ ቁልቁለት ነው፤ ከሺህ ሜትር በላይ። ገብሱ አልቆ ጤፍ ይመጣል፤ ጤፉ አልቆ ማሽላ። ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩት። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የአክስቴ ልጅ «አብሽር፣ ደርሰናል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሄድን!

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ የወጣው ይህንን ወንዝ ተሻግሮ ነው። በትምህርት ቤት ስማር በሽሎን እንደ መስመር ነበር የማስበው፣ ካርታ ላይ እንደሚሰመር። ሰፊ የድንጋይ ሜዳ ነው፤ ውሃው በመሀል በቀጭኑ ይሄዳል፣ እዚህም እዚያም ጠልቆ ይቆማል። ክረምት ላይ ግን ያንን ሜዳ ሞልቶ ነው የሚወርደው። ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ታች ፀሐይ ሳለ ደራሽ ሰውና ከብት ይወስዳል።

ዘንጉን ገጣጠምኩ። ትል ሰካሁ። የዶሮ አንጀት ሞከርኩ። ክሩ ሁለቴ ድንጋይ ሥር ገብቶ ተበጠሰ። እረኞች መጥተው ተቀመጡና እንደ ቲያትር ያዩኝ ጀመር፤ አንዱ «ጋሼ፣ በዚህ ነው አሳ የሚያዘው?» አለኝ። አራት ሰዓት ሙሉ አንድም አልነካልኝ።

የአክስቴ ልጅ ያኔ ነው ከትከሻው ከረጢት ያወረደው። የተወቀጠ ብርብራ ነበር። ብርብራ ዛፍ ነው፤ የፍሬው ዱቄት የቆመ ውሃ ላይ ሲበተን አሳው መተንፈስ ያቅተውና ይንሳፈፋል። ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። እኔ ይህን አንብቤ አውቃለሁ። ጣና ላይ ነጭ አሳ ክረምት ሲመጣ ልክ እንደ ሳልመን ሊራባ ወደ ወንዞቹ ሲወጣ አፉ ላይ መረብ እየተዘረጋ እንዴት እንደተመናመነ ለጓደኞቼ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ተው፣ ይቅር» አልኩት።

«ለምን? ያስተማረን እኮ አባትህ ነው።»

ዝም አልኩ። አባቴ በአሳቤ ሁልጊዜ መንጠቆ ይዞ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ቀስ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነበር። እንዲያ ነው ብሎ የነገረኝ ግን ማንም የለም። ከረጢቱን ያዝልኝ ሲለኝ ያዝኩለት። እረኞቹን ከብቶቹን ከበታች እንዲያርቁ ጮሆ ነገራቸው፣ ከዚያ በተነው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቆይቶ አንድ አምባዛ አፉን ከፍቶ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ጣት የሚያክሉት፣ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው፣ ዳር ዳሩን ሞሉት። እረኞቹ እየሳቁ ገቡ። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ሽቅቡን አላወራውም። ሲመሽ አፋፉ ላይ ኔትወርክ ሲገኝ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«አባባ በብርብራ ነበር እንዴ የሚያጠምደው?»

ትንሽ ዝም አለ። «የምወቅጠው እኔ ነበርኩ» አለ። «እማዬ ሙቀጫዋን እንዳታይብን ከቤት ጀርባ።»

«ዘንጉስ?»

«ዘንግ እዚህ ነው የተማርኩት።» ከዚያ ድምፁ ቶሎ ተለወጠ፤ «ስንት አወጣችሁ?»

«ሰባት» አልኩት። ትንንሾቹን አልቆጠርኩለትም።